ዐውደ ነገሥትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ስለ ቆጠራ ጥቂት ሐተታ

በዱርቤቴ አካባቢ ልጅ ለማጋባት የተስማሙ አንዳንድ ወላጆች የሠርጉን ቀን ሳይቆርጡ የተጫጩትን ስም ለኮከብ ቆጣሪ ይሰጡ ነበር። አክስቴም በወጣትነታቸው ታጭተው ሳለ «እሱ እሳት፥ እሷ ውሃ፤ አይገጥሙም» ተብሎ እጮኝነቱ ፈርሷል። ዘንድሮ አንድ ጓደኛዬ ስለ ትዳሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በስልኩ ሲጠይቅ ባየሁ ጊዜ ይኸው ነገር ትዝ አለኝ።

የዐውደ ነገሥት አሠራር ከምሥጢርነቱ ይልቅ ሒሳብነቱ ያመዝናል። ለየፊደሉ ቁጥር ተመድቧል፤ የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ተቆጥሮ ይደመርና በ12 ይገደፋል፥ ይኸውም 12 እየተነሣለት ቀሪው ይያዛል። የአክስቴ እጮኛ ድምር 65 ነበረ፤ 5 ይቀራል፤ አምስተኛው ኮከብ አሰድ ነው፥ ባሕርዩም እሳት። የአክስቴ 76 ተባለ፤ 4 ይቀራል፤ ሸርጣን፥ ውሃ። ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ እየተባለ እስከ ሑት የሚቆጠረው ስም ከዐረብኛ የመጣ ስለ ሆነ፥ ትምህርቱ ብዙ አገር ዞሮ እንደ ደረሰን ይታወቃል። (የአባት ስም ቀርቶ የእናት መቆጠሩ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ያወጣል።)

ቻይኖች በሻንግ ነገሥታት ዘመን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ፥ የከብት የትከሻ አጥንትና የኤሊ ቅርፊት በእሳት ተኩሰው ስንጥቁን ያነቡ ነበር። ጥያቄውንና ቀኑን በዚያው አጥንት ላይ ይቀርጹታል፤ በአንዳንዱም ነገሩ እንደ ተባለው መድረስ አለመድረሱ ኋላ ተጨምሮ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የመጣው ዪ ቺንግ ደግሞ ሙሉና የተቆረጠ መስመር ስድስት ስድስት እየደረደረ 64 ምልክት ያወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1703 ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ፥ በቻይና የነበሩት ሚስዮናዊ ቡቬ የላኩለትን ሥዕል አይቶ፥ ምልክቶቹን ቀደም ብሎ ካሰበው በ0ና በ1 ብቻ ከሚጻፍ ቁጥር ጋር አገናኛቸው። የዛሬው ኮምፒዩተር የሚሠራው በእነዚሁ በሁለቱ አኃዞች ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ቃልን ቆራርሶ ለየቁራሹ ቁጥር ይሰጣል፤ ቀድሞ ከተማረበት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶም ቀጥሎ የትኛው ቁራሽ እንደሚመጣ ያሰላል። እስከዚህ ድረስ ወንድማማቾች ናቸው። በአንድ ነገር መኪናው ይበልጣል፤ በትርጉም ወይም በሕክምና ሥራ መልሱ ከእውነተኛው ውጤት ጋር ተመዝኖ ይታረማል፤ የዐውደ ነገሥት ቀሪ ግን ከተጋቢዎች ኑሮ ጋር ተመዝኖ ሲታረም አላየሁም። በዚህ ረገድ የሻንግ ጸሐፊዎች ከእኛ ቆጣሪዎች ይልቅ የተሻሉ ነበሩ።

ዳሩ ግን የቆጣሪው ሥራ እንደ ገና ሊቆጠር ይችላል። አያቴ በመዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ ያስቀመጡትን ቁራጭ ወረቀት አግኝቼ፥ መጽሐፉን ተውሼ ደግሜ ደመርሁት። የአክስቴ ድምር 76 ሳይሆን 77 ነው፤ 5 ይቀራል፤ እሳቸውም እንደ እጮኛቸው አሰድ ነበሩ። በትክክል ቢቆጠር ትዳሩ ይጸና ነበር ማለቴ አይደለም። ስሕተቱን ከ40 ዓመት በኋላ ማግኘት ተቻለ ነው የምለው። ለአክስቴ ስነግራቸው ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት፥ ምንም አላሉም።

ጓደኛዬ ያንኑ ጥያቄ በሁለት ምሽት ጠይቆ ሁለት የተለያየ ምክር አገኘ። ደግሞ የሚደምረው ወረቀት አልነበረውም፤ ስለዚህ የወደደውን ያዘ።