የጫካው ገቢና ወጪ

አንድ ጫካ በዓመት ምን ያህል ካልሲየምና ናይትሮጅን ያገኛል? ስንቱንስ ያጣል? መልሱን ለማወቅ እንደ ነጋዴ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። ችግሩ ግን ጫካ በር የለውም። ከላይ የገባው ዝናብ ወደ ጥልቅ መሬት ሰርጎ ከጠፋ ወጪውን ማን ይቆጥረዋል?

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት የሚገኘው የሃባርድ ብሩክ ጫካ ግን በር ነበረው። ከአፈሩ ሥር ያለው አለት ውኃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዘነበው ሁሉ ወይ ይተናል፣ ወይ በጅረቱ ይወጣል። በ1963 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኸርበርት ቦርማን፣ ጂን ላይከንስ፣ ኖይ ጆንሰንና ሮበርት ፒርስ የዝናቡንና የጅረቱን ውኃ በየጊዜው እየቀዱ መመርመር ጀመሩ። ገቢው ዝናብ፣ ወጪው ጅረት ሆነ።

ከዚያ ከባዱ ሙከራ መጣ። በ1965 መጨረሻ 15.6 ሄክታር ላይ ያለው ዛፍ በሙሉ ተቆረጠ። አንድም ግንድ አልተወሰደም፤ ሁሉም በወደቀበት ቀረ። ቡቃያ እንዳይነሳም ለሦስት ዓመታት ፀረ አረም ተረጨ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በጅረቱ ውስጥ ያለው ናይትሬት ከ40 እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ለመጠጥ ውኃ ከተፈቀደው መጠንም አለፈ።

ለምን? በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የረገፈውን ቅጠል እያበሰበሱ ናይትሮጅን ይለቃሉ። ሥር ካለ ወዲያው ይመጠዋል። ሥር ከሌለ ናይትሬቱ ታጥቦ ይሄዳል፤ ካልሲየሙንና ፖታሲየሙንም ይዞ ይሄዳል። የመሬቱን ሀብት ይዞት የኖረው ሕያው ሥር ነበር ማለት ነው።

መዝገቡ ያልታሰበ ነገርም ገለጠ። ዝናቡ ራሱ አሲድ ነበር። ከፋብሪካና ከኃይል ማመንጫ ጭስ የሚመጣው አሲድ ካልሲየሙን ከአፈሩ እያጠበ ያወጣ ነበር። ይህ ማስረጃ በ1990 ለተሻሻለው የአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ አንዱ መነሻ ሆነ። ከሕጉ በኋላ የዝናቡ አሲድነት ቀነሰ። የአፈሩ ካልሲየም ግን ቶሎ አልተመለሰም። ስለዚህ በ1999 በአንዱ ተፋሰስ ላይ ካልሲየም ያለበት ማዕድን በሄሊኮፕተር ተበተነ።

እንግዲህ አስቡት። ተመራማሪዎቹ ሁለት ዓመት ለክተው ቢያቆሙ ኖሮ ሕጉ ዝናቡን ማጽዳቱን፣ አፈሩ ግን ገና አለማገገሙን በምን ይታወቅ ነበር? ለምርምር ገንዘብ የሚመድብ ብዙ ጊዜ በአጭር ጊዜ ውጤት ይጠይቃል። መሬት ግን ሂሳቡን የሚዘጋው በራሱ ቀጠሮ ነው።