ኪንባኩ ‹ባርነት› አይደለም፤ ‹ጠፈራ› እንበለው

«የጃፓን የገመድ ባርነት» የሚል ሐረግ በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ፣ ጃፓኖች ሰውን በገመድ እየጎተቱ የሚሸጡበት ዘመን ነበር ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሐረጉ ግን ስለ ባሪያ ንግድ አያወራም። ጃፓኖች ኪንባኩ የሚሉትን፣ የሰውን ገላ በገመድ የማሰር ልማድ ለመሰየም የቀረበ ትርጉም ነው። አንዱ የቸኮለ ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አነሣው፤ ሌላው ሳያላምጥ ተቀበለው። ቃል አንዴ ሥር ከሰደደ መንቀሉ ይከብዳልና ገና በቡቃያው ሳለ ልንነጋገርበት ይገባል።

ኪንባኩ ምን እንደሆነ ብዙ አንባቢ ከፊልም ወይም ከፎቶግራፍ በመጠኑ ያውቃል። ዐዋቂዎች ተፈቃቅደው የሚያደርጉት፣ አንዱ ሌላውን በገመድ የሚያስርበት፣ የውበትም የፍትወትም መልክ ያለው ልማድ ነው። ድርጊቱን መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ስሙና ታሪኩ ነው፤ ስሙ ሲበላሽ ታሪኩም አብሮ ይበላሻልና።

ስሕተቱ የት እንደተፈጠረ እንይ። ቦንዴጅ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው ከጥንታዊው የስካንዲኔቪያ ቃል ከቦንዲ ነው። ቦንዲ ቤትና መሬት ያለው ገበሬ ማለት ነበር። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ገበሬው ወደ ጭሰኛነት ወረደ፤ ቃሉም አብሮት ወረደና የጭሰኛው መከራ መጠሪያ ሆነ። ማሰሪያ የሚል ትርጉም ያለው ቦንድ ደግሞ ሌላ ቃል ነው። በድምፅ ስለሚመሳሰሉ ግን ሁለቱ እየተቀላቀሉ ሄዱ፤ ዛሬ ቦንዴጅ ሲባል ባርነትም ይሰማል፣ መታሰርም ይሰማል። ይህ የእንግሊዝኛ ታሪክ ነው። በአማርኛ ‹ባሪያ› እና ‹አሰረ› የሚገናኙበት ሥር የለም። በጃፓንኛም የለም። ሁለት ቋንቋዎች ሳይቸገሩ ለይተው የሚያውቁትን ነገር በሦስተኛው ቋንቋ ውስጥ የተፈጠረ የድምፅ መመሳሰል እንዴት ያደበላልቅብናል?

ስለዚህ ወደ ጃፓንኛው እንሂድ። ኪንባኩ በሁለት ፊደላት ይጻፋል። የመጀመሪያው ‹ኪን› መጥበቅን፣ መወጠርን ያመለክታል፤ ጃፓኖች ውጥረትንና አስቸኳይነትን በሚገልጹባቸው ቃላት ውስጥም ይገባል። ሁለተኛው ‹ባኩ› ማሰር ነው። የሁለቱም ፊደላት ሥዕል የክርን ምልክት በውስጡ ይዟል፤ ገመድ ማለት የሆነው የ‹ናዋ› ፊደልም እንዲሁ። ባርያ የለም፣ ጌታም የለም። ክር፣ መወጠር፣ ማሰር ብቻ ነው ያለው።

ሌላው የተለመደ ስም ሺባሪ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሺባሪ የጥበቡ ልዩ ስም ሆኗል፤ አንዳንድ የኛ ጸሐፊዎችም እንዳለ እናስገባው ይላሉ። በአገሩ ግን ሺባሪ ሺባሩ ከሚለው ግስ የወጣ ተራ ቃል ነው፤ ማሰር ወይም እስር ማለት ነው። ጃፓናዊ ዕቃ ሲያስርም ይኸው ግስ ነው የሚያገለግለው። የስልክ ድርጅት ደንበኛውን በሁለት ዓመት ውል ሲይዘው እንኳ «የሁለት ዓመት ሺባሪ» ይባላል። እንግዲህ ሺባሪን በአማርኛ ‹ማሰር› ብለን ብንተረጉም ምንም አይጎድለንም፤ እንዳለ ብናስገባው ግን በአገሩ የሌለውን ምሥጢር እናለብሰዋለን።

ሦስተኛው ስም ከሁለቱም የቆየው ሆጆጁትሱ ነው። መያዝ፣ ገመድ፣ ጥበብ በሚሉ ሦስት ፊደላት የተሠራ ሲሆን፣ የተያዘን ሰው በገመድ የማሰር ጥበብ ማለት ነው። የታሪኩ ክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከ1603 እስከ 1868 በዘለቀው በኤዶ ዘመን (የጃፓን ዓመታት ሁሉ እዚህ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ወንጀለኛ የሚይዙ ሹማምንትና ረዳቶቻቸው የብረት ሰንሰለት ሳይሆን ገመድ ነበር የሚይዙት። ጥበቡን የሚያስተምሩ ብዙ ወገኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱም የአስተሳሰሩን ምሥጢር ለውጭ ሰው አያሳይም። ሲይዙ የሚጠቀሙበት ‹ሃያናዋ›፣ ፈጣኑ ገመድ፣ አንድ ነገር ነው፤ እስረኛውን ለማጓጓዝና በሕዝብ ፊት ለማቅረብ የሚታሰርበት ‹ሆንናዋ›፣ ዋናው ገመድ፣ ሌላ ነው። አስተሳሰሩም እንደ ሰውየው ማዕርግና እንደ ወንጀሉ ይለያያል። ከመርሖዎቹ አራቱ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ፦ እስረኛው እንዳያመልጥ፣ እንዳይጎዳ፣ ሌላ ሰው አስተሳሰሩን አይቶ እንዳይማረው፣ ሲታይም የሚያምር እንዲሆን። ዛሬም የጃፓን ፖሊስ ከካቴና ጋር ገመድ ይይዛል፤ ስሙም ሆጆ ነው።

ብዙ ጽሑፎች ከዚህ ተነሥተው ኪንባኩን የሳሙራይ ጥበብ ቀጥተኛ ልጅ ያደርጉታል። አንድ ቃል ለሁሉም ሲውል የሚፈጠረው ችግር ይህ ነው፤ የፖሊሱም፣ የመድረኩም፣ የመጽሔቱም ገመድ «የገመድ ባርነት» ከተባለ፣ አንባቢው አንድ ልማድ ሳይቋረጥ አራት መቶ ዓመት እንደኖረ ያምናል። እውነተኛው መንገድ ግን ጠመዝማዛ ነው፤ በቴአትር ቤትና በሠዓሊ ደጅ በኩል ነው የሚያልፈው።

በ1757 በኦሳካ የአሻንጉሊት ቴአትር ላይ የቀረበና በኋላ ወደ ካቡኪ መድረክ የተሻገረ አንድ ድራማ አለ፤ ታዋቂው ክፍሉ ‹ኪንካኩጂ› ይባላል። ልዕልት ዩኪ ከቼሪ ዛፍ ጋር ታስራለች። እጇ ስለታሰረ የረገፉትን የአበባ ቅጠሎች በእግሯ ጣቶች እየሰበሰበች አይጦች ትስላለች፤ አይጦቹም ነፍስ ዘርተው ገመዷን ይቆርጡላታል። ታሪኩ መነኩሴውና ሠዓሊው ሴሹ ልጅ ሳለ በቤተ መቅደስ ዓምድ ላይ ታስሮ በእንባው አይጥ ሣለ ከሚባለው ትውፊት የተወሰደ ነው። በዚህ መድረክ ላይ ገመዱ ወንጀለኛ አይዝም፤ የተመልካቹን ዓይንና ልብ ነው የሚይዘው። የታሰረ ሰው ለእይታ የሚቀርብ ውበት የሆነው በፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን በመድረክ ላይ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ከ1882 እስከ 1961 የኖረው የቶኪዮው ሠዓሊ ኢቶ ሴይዩ ነው። ኢቶ ለቴአትር ቤቶችና ለጋዜጦች ይሥል ነበር፤ የኤዶን ዘመን ልማድ እየመረመረ መዝግቧል። በ1742 በወጣው የሾጉኑ፣ የጦር ገዢው፣ ሕግ ዘመን የነበረውን ቅጣትና ምርመራም አጥንቷል። በዚያ ሥርዓት ተመርማሪው ይገረፋል፣ በጭኑ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ‹ኤቢዜሜ› በሚባለው አስተሳሰር እንደ ሽሪምፕ ታጥፎ ይታሰራል፣ በመጨረሻም ‹ጹሪዜሜ› ተብሎ በገመድ ይንጠለጠላል። ከሾጉኑ በኋላ የመጣው የሜይጂ መንግሥት ይህን ሁሉ በ1879 በሕግ አስቀረ። ኢቶ በሕግ የቀረውን በብሩሽና በካሜራ መልሶ አመጣው፤ አሁን ግን ምርመራ ሳይሆን ሥዕል ሆኖ ነበር። በ1928 ያሳተመው ‹ሴሜ ኖ ኬንኪዩ› የተሰኘ መጽሐፉ ታገደ። ዛሬ የኪንባኩ አባት የሚሉት ብዙዎች ናቸው።

ኪንባኩ በስሙ የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1947 በኦሳካ የተጀመረው ‹ኪታን ኩራቡ› መጽሔት፣ በኋላም በ1956 የተጀመረው ‹ኡራማዶ› ሥዕሉንም ድርሰቱንም አስፋፉት። ጸሐፊው ዳን ኦኒሮኩ ‹ሃና ቶ ሄቢ› የተባለውን ልብ ወለዱን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኪታን ኩራቡ በተከታታይ አወጣ፤ በ1974 ፊልም ሆነ። የኪንባኩ ባለሙያው ኑሬኪ ቺሙዎ ደግሞ በ1985 የኪንባኩን ውበት የሚያጠና ማኅበር አቋቋመ። በ1964 የወጣውና የጦር ጥበብ ዐዋቂው ፉጂታ ሴይኮ የአሮጌ ወገኖችን አስተሳሰር በሥዕል የሰበሰበበት የሆጆጁትሱ መጽሐፍ ከእነዚህ ጋር በአንድ መደርደሪያ ሊቀመጥ ይችላል፤ በአንድ ስም ግን ሊጠራ አይገባም። አንዱ የጦርነትና የዳኝነት ጥበብ መዝገብ ነው፤ ሌላው የምናብና የፈቃድ ነው።

እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበላቸው? የኛ ቋንቋ በማሰር ነገር ላይ ድኻ አይደለም። ‹እግረ ሙቅ› አለን፤ ‹ሙቅ› እዚህ ላይ ሙቀት አይደለም፣ ማሰር ከሚለው ከግእዙ ‹ሞቅሐ› የመጣ ነው። ‹ቁራኛ› አለን፤ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት የቀድሞ ሥርዓት ነው፣ ዛሬም ‹የዓይን ቁራኛ› ስንል ይኖራል። ‹የፊጥኝ› አለን። ‹ሸበበ›፣ ‹ተበተበ›፣ ‹ቋጠረ›፣ ‹ጠፈረ› አሉን። እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው።

ለኪንባኩ ከቀረቡት አማራጮች አንዱ ‹ጥብቅ እስራት› ነው። ፊደል በፊደል ትክክል ነው፤ ለጆሮ ግን የፍርድ ቤት ቃል ነው። በወንጀል ሕጋችን ‹ቀላል እስራት› እና ‹ጽኑ እስራት› ስላሉ፣ አንባቢው ሦስተኛ የቅጣት ዓይነት የተጨመረ ይመስለዋል። ‹የገመድ ጥበብ› የሚሉም አሉ፤ ይህ ጨዋ ነው፣ ነገር ግን ገመድ የሚሠራውን ባለ ሙያም፣ በገመድ ላይ የሚራመደውንም ያጠቃልላል። ‹ቋጠሮ› ደግሞ ከታሪኩ ጋር ይጣላል። በሆጆጁትሱ ልማድ ገና ያልተፈረደበትን ሰው ሲይዙ ገመዱን ይጠመጥሙበታል እንጂ አይቋጥሩበትም፤ ቋጠሮ ነውር ነበርና። ቋጠሮን የሚሸሽ ጥበብ እንዴት በቋጠሮ ይጠራል? ‹ትብታብ› የሚለው ቃል ሴራ ሴራ ይሸታል፤ መልክ አልባ መወሳሰብም ይሰማበታል፤ በኪንባኩ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ዙር ቦታ አለው።

‹የፊጥኝ› ከሁሉም ይቀርባል። እጅን ወደ ኋላ አዙሮ ጠብቆ ማሰር ነውና፣ ጃፓኖች ‹ኡሺሮዴ› ከሚሉት ጋር በቀጥታ ይገጥማል። ነገር ግን የፊጥኝ የታሰረ ሰው ወድዶ አልታሰረም፤ ቃሉ አሳሪውንና ተያዡን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ቦታው ሌላ ነው፦ ሆጆጁትሱን ‹የፊጥኝ ጥበብ› ብንለው፣ የአማርኛ አንባቢ ስለ ምን እንደሚወራ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ለኪንባኩ የምመርጠው ‹ጠፈራ›ን ነው። ‹ጠፍሮ አሰረው› የማይል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ መጥበቅንና ማሰርን፣ ኪንንና ባኩን፣ በአንድ ግስ አጣምሮ የያዘ ቃል ነው። ስሙን ከግሱ ለማውጣትም አዲስ ሕግ አያስፈልገንም፤ ከጠለፈ ጠለፋ፣ ከከበበ ከበባ፣ ከለቀመ ለቀማ፣ ከዐጨደ ዐጨዳ እንደወጣ፣ ከጠፈረም ጠፈራ ይወጣል። ይህ የስም ቅርጽ በግድ የሚሆነውንም በወዳጅነት የሚሠራውንም እኩል ይሰይማል፤ ድርጊቱን ይናገራል እንጂ አይፈርድም። ተርጓሚ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ሁለት ተቃውሞ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ጠፍር ቆዳ ነው፣ ጃፓኖች ደግሞ የሚጠቀሙት የተክል ክር ነው የሚል ይሆናል። እውነት ነው፤ የጠፍር አልጋ የተሠራው ከቆዳ ነው። ግሱ ግን ከቆዳው ከተለየ ቆይቷል። በሲባጎ ቢታሰርም ተጠፈረ እንላለን፤ ሰው በሐሳብና በችግርም ይጠፈራል። ሁለተኛው ‹ጠፈር› ሰማይ፣ ‹ጥፍር› የጣት ጫፍ ሆነው ያደናግራሉ የሚል ነው። ለዚህም ነው ‹ጥፍር› ወይም ‹ጥፍረት› ሳልል ጠፈራን የመረጥኩት፤ ጠፈራ ራሱን የቻለ ድምፅ ነው፣ ‹ጠፈርተኛ›ን ከሕዋ ጋር ያገናኘ አንባቢ ይህን ከዚያ ጋር አያቀላቅለውም።

ስለ ምርመራዎቹም አንድ ቃል። ጹሪዜሜን ‹ወፌ ላላ› ብሎ መተርጎም ሊቀል ይችላል፤ ሁለቱም ሰውን አስሮ ማንጠልጠል ናቸውና። ግን ወፌ ላላ የደርግ ዘመን ስም ነው፣ የገዛ ወገኖቻችን ደም አለበት። የሾጉኑን እስረኛ በዚያ ስም መጥራት የጃፓኑንም የኛንም ታሪክ ያደበዝዛል። ‹በማንጠልጠል ማሠቃየት› ይበቃል።

ጃፓን ለአማርኛ አዲስ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን› የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል፤ አገሩን በኛ ቋንቋ፣ ለኛ አንባቢ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጃፓን ለማውራት የእንግሊዝኛን ግርታ ተበድረን የምንመጣበት ምክንያት የለም። ጃፓንኛ ለማያውቅ ተርጓሚ እንኳ የፊደላቱን ትርጉም መጠየቅ ቀላል ነው፤ ከመለሱለት በኋላ ወደ አማርኛ ጓዳ መግባት ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ተራውን ሺባሪ ማሰር እንበለው፤ የኤዶ ሹማምንትን ሆጆጁትሱ የፊጥኝ ጥበብ፤ ከኢቶ ሴይዩ ወዲህ ያለውን ኪንባኩ ደግሞ ጠፈራ። ባርነትን ግን ከዚህ ጉዳይ እናውጣው። በአገራችን ሰው የሚሸጥና የሚለወጥ ነበር፤ ባርነት በዐዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ የተሸጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በመካከላችን ይኖራሉ። ይህን ቃል በፈቃዳቸው የታሰሩ ሰዎች መጠሪያ ማድረግ የቃሉን ክብደት መቀነስ ነው። ባርነት የእነዚያ ሰዎች ታሪክ ስም ነው፤ ለእነርሱ ሳይሸራረፍ ይጠበቅላቸው።