የፎገራው ሊቅና የቀልድ መድበሎቻችን

የወረታ ከተማ የምትገኝበት የፎገራ ሜዳ ዛሬ በከብቱና በሩዙ ይታወቃል። ለሥነ ቃል አጥኚ ግን ከሁሉ በፊት የአለቃ ገብረ ሐና አገር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚሁ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት እኒህ ሊቅ በስማቸው የሚተረከው ቀልድ ስፍር ቁጥር የለውም። ርብና ጉማራ ወደ ጣና እንደሚወርዱ ሁሉ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድም ወደ እርሳቸው ይወርዳል። ስለዚህ የታተሙትን መድበሎች እንደ ሕይወት ታሪክ ማንበብ አይገባም ባይ ነኝ።

ይልቁንም የሚያሳስበኝ በቀልዱ ብዛት ሊቁ መረሳታቸው ነው። አለቃ የቅኔ ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው ስም የሚጠራውን የተክሌ አቋቋም ያፈለቁትም እርሳቸው ናቸው። የዝማሜውን ስልት ከጣና ማዕበል እንደ ወሰዱት በትውፊት ይነገራል፤ ትምህርቱም በደብረ ታቦር ጸንቶ ቆይቷል።

ቀልዱም ቢሆን ከቅኔ ቤቱ የራቀ አይደለም። ሁለቱም በኅብረ ቃል ይቆማሉ። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። ወርቁ በዚህች ጥብቀት ላይ ሲያርፍ፣ መጽሐፉ ሰሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። እንግዲህ ወደ ወረታ የሚወርድ ተማሪ መቅረጸ ድምፅ ይያዝ፤ ተራኪው የት እንደ ተማረ፣ አድማጩም የቱ ላይ እንደ ሳቀ ይመዝግብ። በተለይ በቅኔ ቤት ያለፈ ሰውና ያላለፈ ገበሬ አንዱን ቀልድ እንዴት እንደሚተርኩት ቢያነጻጽር መልካም ነው።