ዝም ያለ ሁሉ አልዳነም

መኪና ገጭቶት ወይም የአጥንት ካንሰር ይዞት አንድ እግሩ የተቆረጠ ውሻ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሦስት እግሩ ሲሮጥ ስናይ «ይኸው ዳነ!» እንላለን። ሦስት እግር የቀራት ድመትም ሶፋ ሥር ገብታ ከተኛች «ተመችቷታል» ነው ፍርዳችን። መቼስ ይህ ፍርድ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ከእኛ በፊት የተማሩት ሰዎችም ሲፈርዱት ኖረዋል።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው መጽሐፉ እንስሳትን ከማሽን ጋር አመሳሰላቸው። ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ጭራሽ እንስሳ ሕመም አይሰማውም እስከማለት ደረሱ። እንግሊዛዊው ጀረሚ ቤንታም ግን በ1789 መለኪያው ማሰብ ወይም መናገር ሳይሆን መሰቃየት መቻል ነው ሲል ተከራከረ።

በ1846 ቦስተን ውስጥ ኢተር የተባለው ማደንዘዣ ለሕዝብ ታየ፤ የሰው ቀዶ ሕክምናም ተለወጠ። እንስሳትስ? ብሪታንያ ለተወሰኑ የእንስሳት ቀዶ ሕክምናዎች ማደንዘዣን በሕግ ያስገደደችው በ1919 ነው። ከ73 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ሰመመኑ ሲለቅ የሚመጣው ሕመም ደግሞ ከዚያም በላይ ጠበቀ። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች «ካመመው አርፎ ይተኛል፤ ቁስሉን አይጎዳውም» እያሉ ማስታገሻ ሳይሰጡ ይተዉት ነበር። አሜሪካዊው ፈላስፋ በርናርድ ሮሊን በ1980ዎቹ ይህን አስተሳሰብ አጥብቆ ተሟገተው። ካርፕሮፌን የተባለ ማስታገሻ አሜሪካ ውስጥ ለውሾች የተፈቀደው በ1996 ነው። በ2019 ደግሞ የሞንትሪያል ተመራማሪዎች የድመትን ሕመም ከጆሮዋ፣ ከዓይኗ፣ ከአፍና አፍንጫዋ ዙሪያ፣ ከጢሟና ከጭንቅላቷ አቀማመጥ የሚያነብ መለኪያ አወጡ። ድመቷ ድሮም ትናገር ነበር፤ ማንበብ ያቃተን እኛ ነን።

ታዲያ ባለ ሦስት እግሩ ምን ይላል? ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ከእነሱ አንዱ ሲጎድል ሸክሙ በቀሩት እግሮችና በጀርባው ላይ ያርፋል። ቁስሉ ከዳነ ከዓመታት በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ደረጃ ላይ ማመንታት፣ አንድ ቦታ ደጋግሞ መላስ፣ ድመት ከሆነች መዝለል ማቆም፣ ይህ ሁሉ ንግግር ነው። እንዳይወፍር መጠንቀቅ፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ መዘርጋት፣ አጠር አጠር ያለ የእግር ጉዞ ማድረግ ብዙ ያግዛል።

አደራ፤ ከቤት መድኃኒት ሣጥን አውጥታችሁ አትስጡ! አንድ የፓራሲታሞል ክኒን ድመት ይገድላል፤ አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ማስታገሻውን የእንስሳት ሐኪም ይዘዘው።

ዴካርት ይህ ሁሉ መለኪያ አልነበረውም። እኛ ግን አለን፤ ስለዚህ «ዝም ብሏል» የሚለው ከእንግዲህ ምክንያት አይሆነንም።