ብርሃን ሲፈጥን፣ ወሬ ሲዘገይ

ደሴ ላይ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! በብርሃን ፍጥነት!» እያለ ይጣራል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ምን ይላል ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ቶሎ እናደርሳለን ነው የሚለው፣ እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ለምን አይሄድም?» አሉ። መልስ አጣሁ። መኪናው እስኪሞላ ገና ብዙ መጠበቅ ነበረብን።

ቋንቋ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ አባባል ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ አላልፈውም። የድሮው ሰው ፍጥነትን ሲለካ የሚለካው በገዛ አካሉ ነበር፤ «በቅጽበተ ዓይን»፣ «ዓይን ሳይርገበገብ»፣ «ምራቅ ሳይደርቅ»። ከሰውነቱ ርቆ ቢሄድ መብረቅ ድረስ ነው። «በብርሃን ፍጥነት» ግን ከቤት የወጣ አባባል አይደለም፣ ከፊዚክስ ክፍል የወጣ ነው። ከጥቁር ሰሌዳ ተነስቶ፣ በጋዜጣና በስፖርት ዘገባ በኩል ዞሮ፣ መናኸሪያ ገባ። እግረ መንገዱን ትርጉሙን ያጣ ዘመድም አለው፤ «የብርሃን ዓመት»። ስንቱ የተማረ ሰው የጊዜ መለኪያ ያደርገዋል! ርቀት ነው እንጂ። ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ፣ ወደ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

ብርሃን ጊዜ ይፈጅበታል ብሎ ማሰብ ራሱ ለሰው ልጅ ቀላል አልነበረም። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ሰዎች ፋኖስ ይዘው ተራርቀው ይቁሙ፤ አንዱ ሲገልጥ ሌላው አይቶ ይግለጥ ይላል። እኛ ብንሞክረው አንዱን ጦሳ ላይ፣ ሌላውን ከማዶ እናቆመዋለን። በመካከላቸው አምስት ኪሎ ሜትር ቢኖር ብርሃኑ ደርሶ የሚመለሰው በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ሠላሳ ሦስት ያህል እጅ ነው። ፋኖሱን የሚገልጠው እጅ ራሱ ከዚያ እጅግ ይዘገያል። ነገሩን መጀመሪያ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1676 ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር ነው። የጁፒተር ጨረቃ ምድር ስትርቅ አርፍዳ፣ ስትቀርብ ቀድማ እየታየች አስቸገረችው። የዘገየችው ጨረቃዋ ሳትሆን ዜናዋ ነው አለ።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህቺ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ብርሃን ነው። እንደሚነገረው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወረባቦና በአምባሰል ዘምተው በዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አዩ። ተደነቁ፤ እዚሁ ከተማ ይቆርቆር አሉ፤ ስሟንም ደሴ፣ ደስታዬ እንደማለት፣ አሏት። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1882 ነው ይባላል። የሥነ ፈለክ ሰዎችም «የ1882 ታላቁ ጅራታም ኮከብ» የሚሉት አላቸው። በ1875 ዓ.ም. መስከረም በጠራራ ፀሐይ፣ ከፀሐይዋ አጠገብ በባዶ ዓይን ይታይ ነበር። ዴቪድ ጊል በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ሆኖ ፎቶግራፍ አነሳው። ንጉሡ ያዩት እሱን ይሁን ብዬ አልምልም፤ ዘመኑ ግን ይገጥማል። እሱ ከሆነ፣ ለፀሐይ በቀረበበት ቀን ብርሃኑ ወደ ምድር ሲመጣ ስምንት ደቂቃ ያህል ተጉዟል።

የሚገርመው ደግሞ በዚያው ዓመት አልበርት ማይክልሰን አሜሪካን አገር ክሊቭላንድ ውስጥ በሚሽከረከር መስታወት የብርሃንን ፍጥነት እየለካ ነበር። ያገኘው በሴኮንድ 299,853 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ የምናውቀው 299,792 ከግማሽ ትንሽ ያነሰ ነው፤ ሰውየው የሳተው በስልሳ ኪሎ ሜትር ብቻ። ከእ.ኤ.አ. 1983 ወዲህ መለካቱ ራሱ ቀርቷል፤ ሜትር የሚባለው ነገር በብርሃን ፍጥነት እንዲተረጎም ተወስኗልና።

እንግዲህ በብርሃን ቢሆን ከደሴ አዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትሩ መንገድ፣ ከሺህ የሴኮንድ እጅ አንዱን ጥቂት ቢያልፍ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድም የሚጓዘው በዚሁ ፍጥነት ነው። አሁን 1965 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ወሎ ይራባል። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርደው አውራ ጎዳና ዳር ሰው ወድቋል። ሹማምንት ያውቃሉ፣ ወሬው ግን ታፍኗል። ወሎ ሄደው ያዩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪው ተነሳ፤ መንግሥት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ያነሳው ፊልም፣ «ያልታወቀው ረሃብ»፣ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የለንደን ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ የወሎን ሕፃን አየ። ከማሠራጫው እስከ ሳሎኑ፣ በእውነትም በብርሃን ፍጥነት።

የኢትዮጵያ ሰው በቴሌቪዥኑ ያየው መቼ ነው? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ። ደርግ የድግስና የቤተ መንግሥት ውሾች ሲቀለቡ የሚያሳይ ምስል ጨምሮበት ነው ያቀረበው፤ ለወሎ አዝኖ ብቻ አልነበረም። ከለንደን አዲስ አበባ አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። ስሌት ለሚወድ፣ በዚያ ጊዜ ብርሃን ስምንት ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር አልፎ ሄዷል። ሮመር ስለ ጨረቃዋ ያለው እዚህም ይሠራል፤ በዚያች ማታ ስክሪኑ ላይ ሲያለቅሱ ከታዩት ሕፃናት ብዙዎቹ ቀድመው ሞተው ነበር። የጠፋ ኮከብ ብርሃን ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ያዘገየው ርቀት አለመሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ መኪናው ሞልቶ ሐረጎን መውረድ ጀምሮ ኖሯል። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሲይዝ አሮጊቷ ክንዴን ጨበጡ። «ያኔ በዚህ መንገድ ዳር ነበር የሚወድቁት» አሉኝ በመስኮት እያዩ። ስለ ምን እንደማስብ አልነገርኳቸውም ነበር። «እርስዎ አይተዋል?» አልኳቸው። «እንዴት አላይ፣ ውኃ እኮ ቀድቼ አጠጥቻለሁ። አንዲቷ ወዴት ነው ብላት አዲስ አበባ ልንገራቸው አለችኝ።»

ኮምቦልቻ ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፈተና «በብርሃን ፍጥነት አላደረስናችሁም?» አለ። አሮጊቷ መቀነታቸውን ፈተው ሂሳብ እየቆጠሩ ነበር፤ አልሰሙትም።