የአቃቂ ባለሙያና የመኪናው ቀለብ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወርዶ የአቃቂን ወንዝ የሚሻገር መንገደኛ፣ በግራና በቀኝ የፋብሪካ ጭስ ማውጫና የጋራዥ አጥር፣ ከፊቱም ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚያወርደውን አሮጌ ጎዳና ሲመለከት፣ ይህ ስፍራ ሸክም የሚያርፍበትና ሸክም የሚነሣበት የመዲናይቱ ደጅ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል። ስለ ሸክሙ ብዙ ተጽፏል፤ ሸክሙን ስለሚያነሣው ግን፣ ማለት አጋሰሱ ይበላው ስለ ነበረው መኖና መኪናው ስለሚጠጣው ቤንዚንና ናፍጣ፣ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ የእጅ ባለሙያው ኑሮ ሲሰፋም ሲጠብም የኖረው ግን በዚሁ ቀለብ ልክ ነው።

አበው የሲራራ ነጋዴዎች ጉዞ ባሰቡ ጊዜ፣ ከትርፉ አስቀድመው የሚያሰሉት ስንቁንና የእንስሳቱን መኖ ነበር፤ በቅሎዪቱ በመንገድ ከበላችው የሚተርፍ ከሌለ ንግዱ ድካም ብቻ መሆኑን ያውቁ ነበርና። በዘመነ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ሲያስገባ፣ ከምድራችን ሣርና ገብስ የማትበላ፣ ቀለቧ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አዲስ ፍጥረት ገባች። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር ሐዲድም አቃቂን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ የዚያ ቀለብ መንገድ ተከፈተ፤ ከዚህም በኋላ የአቃቂ ሰው ጓዳ ከሩቅ ባሕር ወደብ ጋር በማይታይ ገመድ ታሰረ።

ጋራዡን ከነቋንቋው ያስተማረን ይልቁንም የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ፣ በመኪና ጣራ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያኑ አፍ ተነጥቀው በአማርኛ የተጠመቁ ቃላት ናቸው። በኋላም ኤንትሬ ተብሎ የተጠራው የፊያት የጭነት መኪና አሰብንና አዲስ አበባን ሲያገናኝ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአቃቂ ሲተከል፣ በፋብሪካው ዙሪያ አናጢው፣ በያጁ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዙ። ከእነዚህም መካከል እጁ የሰመረለት አሮጌ ቮልስ ወይም ፔጆ ፒካፕ ገዝቶ መሣሪያውን መጫን ሲጀምር፣ ሻጩን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ምን ያህል ትበላለች?» ይህ አነጋገር የሲራራው ዘመን ቅርስ ነው፤ መኪናይቱ በበቅሎዪቱ ቦታ ገባች እንጂ የባለቤቷ ጭንቀት አልተለወጠም።

የአቃቂ መካኒክ ይህን ጥያቄ የሚመልስበት ጥበብ ከምድሩ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ አገር አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳልና፣ በባሕር ጠረፍ ልክ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑን ያበዛዋል። ስለዚህ ሽማግሌው መካኒክ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ፣ ካንዴላውን ፈትቶ በጨርቅ ሳይጠርግ ወደ ብርሃን ያቀርበዋል፤ ጫፉ እንደ ምድጃ ጥላሸት የጠቆረ እንደ ሆነ ቤንዚን እየባከነ ነው፤ ከመጠን በላይ የነጣ እንደ ሆነ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ እየጋለ ነው፤ ቡናማ የሆነ እንደ ሆነ ግን ምጣኔው ደርሷል። ጎማው በልኩ እንዲነፋ፣ ባዶው ፖርቶ መጋላ ነፋስ እየገፋ ነዳጅ እንዳያስበላ እንዲወርድ፣ የማያስፈልግ ብረት ከኋላ እንዳይከርም የሚመክረውም እርሱ ነው። ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ሳይጻፍ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በእጅና በዓይን የተላለፈ ነው።

የነዳጅ ነገር ከጋራዥ አልፎ የመንግሥት ነገር መሆኑን አገር ሁሉ ያየው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። በዓለም ገበያ ዋጋው ሲንር ቤንዚን በግማሽ ያህል ተጨምሮበት የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት ከጭማሪው ከፊሉን ቢመልስም የሕዝቡ ቁጣ ሳይበርድ፣ ወሩም ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል፣ ባለሙያው የሳምንቱን ሥራ በደንበኞቹ ጥሪ ተራ ሳይሆን በሰፈሮቹ ቅርበት ማሰለፍን ተማረ፤ በአንድ ጉዞ ሦስት ቤት መድረስን እንደ ትሩፋት ቈጠረው። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1990ው ጦርነት ወዲህም የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ነዳጃችን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ሆነ።

ሕግም ምርጫውን መርቶታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ሞተራቸው እስከ 1,300 ሲሲ በሆኑት መኪኖች ላይ 30 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆኑት ላይ 100 በመቶ ስለ ጣለ፣ ትንሽ ሞተር መፈለግ የእጅ ባለሙያው ብቻ ሳይሆን የከተማው ሁሉ ልማድ ሆነ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ሲተርፍ ግን፣ መሰላሉንና የብየዳ መሣሪያውን ጭኖ የሚዞረው ባለሙያ ሙሉውን ዋጋ ከኪሱ ከፈለ። ለዚህ ሰው ነዳጅ መቆጠብ የልጆቹ እንጀራ ነው፤ እንደ ንፍገት ሊታይበትም አይገባም።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተሩን ከመሪው አጠገብ የሚያኖረውን አናጢ ሳይ ልቤ በአክብሮት ይሞላል። ታንኩን ሞልቶ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይጽፋል፤ እንደ ገና ሲሞላም የሄደበትን ለገባው ሊትር ያካፍላል፤ 320 ኪሎ ሜትር በ40 ሊትር ሄዶ ከሆነ በሊትር 8 ይወጣለታል። በሚቀጥለው ወር 7 ከሆነ ከደንበኛው ላይ ዋጋ አይጨምርም፤ አስቀድሞ ካንዴላውን ይፈትሻል። አምስቱ ልባሞች ደናግል የተመሰገኑት ከመብራታቸው ጋር ዘይቱን አስልተው በመያዛቸው አይደለምን?

ዛሬ ደግሞ ሌላ ዘመን በደጅ ቆሟል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። አቃቂ ግን ለዚህ ቀለብ እንግዳ አይደለችም፤ የአቃቂ ወንዝ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገትቶ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ኖሯል፤ ለብዙ ዓመታት ከቆመ በኋላም በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋቱን እንደ ገና መስጠት ጀምሯል። በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ወደ አዳማ ቁልቁል ስትወርድ ከቀለቧ ጥቂቱን ወደ ባትሪዋ ትመልሳለች፤ ይህን በቅሎም ቮልስም አላደረጉትም። ሆኖም ስትመለስ ያው ዳገት ይጠብቃታል፣ ከኋላዋም ያው መሰላልና ያው መጋዝ ተጭኗል፤ ስለዚህ አናጢው ደብተሩን አይጥለውም፣ ሊትር ይጻፍበት በነበረው ረድፍ ኪሎ ዋት ሰዓት ብሎ ይጽፍበታል እንጂ።