በአንድ መስመር የሚቀር አማርኛ

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ስለነበረው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ከፍቶ ማንበብ ይቸግረው ነበር። ያ ጣጣ ተቃለለ ሲባል ሌላ መጣ።

በ2010 ጎግል «አፕ በንድል» የተባለ የአንድሮይድ መተግበሪያ ማሸጊያ ዘዴ አስተዋወቀ። በ2013 ክረምት ደግሞ በፕሌይ ስቶር ለሚወጡ አዳዲስ መተግበሪያዎች ግዴታ አደረገው። ሐሳቡ ክፋት የለውም፦ ስልኩ የማያስፈልገውን አያውርድ። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው እንዲያውም ደግ ነገር ነው።

ችግሩ ስቶሩ ቋንቋ የሚመርጠው የስልኩን ቅንብር አይቶ መሆኑ ነው። እኛ ጋ ብዙ ሰው ስልኩን በእንግሊዝኛ ትቶ፣ መተግበሪያው ውስጥ ገብቶ «አማርኛ» የሚለውን ይጫናል። አማርኛው ግን አብሮ አልወረደም፤ ገጹ ከእንግሊዝኛ ፍንክች አይልም። ሠሪው ይህን አያየውም፤ እሱ ከኮምፒውተሩ በቀጥታ ስልኩ ላይ የሚጭነው ሁሉንም ቋንቋ የያዘውን ነው። መፍትሔው በግሬድል ፋይሉ ውስጥ «ቋንቋ አትከፋፍል» የሚል አንድ ትእዛዝ ብቻ!

ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ገንዘብ አለበት። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013፣ ልደታ በተከበረች በሦስተኛው ቀን፣ በአምስት ቋንቋ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ልደታ ማርያም ደጅ ጧፍ የምትሸጥ እናት ሳትቀር በስልኳ ትቀበላለች። «ላክ» እና «ተቀበል» የሚሉትን በእንግሊዝኛ እየገመተች መጫን የለባትም። ያቺን መስመር ጎግል አይጽፍላትም፤ የሚጽፋት እዚሁ ያለው ባለሙያ ነው።